የተጠበቀለት ወንበር

የአባቴ አርባ በወጣ ዕለት፣ ዘመድ አዝማዱ በልቶ ጠጥቶ «ነፍስ ይማር» ብሎ ሲበተን፣ ድንኳኑ ውስጥ የማኅበሩ ሰዎች ብቻ ቀሩ። አባቴ ከወጣትነቱ ጀምሮ የቅዱስ ሚካኤል ማኅበርተኛ ነበር። ከመካከላቸው በዕድሜ የገፉት አዛውንት ጽዋውን ከነመሸፈኛው አምጥተው ፊቴ አቆሙና «ልጄ፣ የአባትህ ነው፤ ተቀበል» አሉኝ። ሌሎቹ ዝም ብለው አዩኝ። በሁለት እጄ ተቀበልሁ።

ካንሳስ ሲቲ ከገባሁ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። በእነዚያ ዓመታት ወር በገባ በ12 ከማኅበሩ ጋር የተቀመጥሁበት አንድም ቀን የለም። ተራው ቤታችን ሲደርስ ድፎ ዳቦውን የደፋችው፣ ጠላውን የጠመቀችው፣ አባቴ እግሩ ከከዳው በኋላም ጽዋውን በነጠላዋ ሸፍና የወሰደችውና የመለሰችው ታናሽ እህቴ ናት። እኔ ጽዋውን ስቀበል እሷ ጓዳ ውስጥ ሳሕን ታጥብ ነበር። ማታ ጽዋውን አጠበችው፤ አደረቀችው፤ መደርደሪያው ላይ በቦታው አስቀመጠችውና «ጋሼ፣ እስክትመጣ እጠብቅልሃለሁ» አለችኝ። በድምጿ ውስጥ ቅሬታ ፈለግሁ፤ አላገኘሁም።

ይህች «እጠብቅልሃለሁ» የምትል ቃል ውቅያኖስ ተሻግራ ተከተለችኝ። ዛሬ የምጽፈው ስለ ሞርሞኖች ነው፤ ለእኔ ግን ነገሩ የሚጀምረው ከዚያች ማታ ነው።

## መንገድ የሚገናኝበት

ሥራዬ ሕመምተኞችን ከቤታቸው ወደ ሕክምና ማመላለስ ነው። በሳምንት ሦስት ቀን አንዲት አረጋዊት እናት ለኩላሊት እጥበት ኢንዲፔንደንስ ወደምትባለው የሚዙሪ ከተማ እወስዳለሁ። እጥበቱ እስኪያልቅ በእግሬ እዞራለሁ። ሪቨር የሚባለው ጎዳና ዋልነት ከሚባለው ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ብዙ ጊዜ ቆሜያለሁ። በአንዱ በኩል እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት እየተጠመዘዘ 90 ሜትር ያህል ወደ ሰማይ የሚወጣ ቤተ መቅደስ አለ። በሌላው በኩል እኛ በተለምዶ «ሞርሞን» የምንላት የኋለኛው ቀን ቅዱሳን ቤተ ክርስቲያን የጎብኚዎች ማዕከል ይታያል። ከእነዚህ ጋር ጎን ለጎን፣ ሣር ሜዳ ላይ፣ አንዲት ትንሽ ነጭ ቤተ ጸሎት ቆማለች። ሦስቱም የሃይማኖቱን መሥራች ጆሴፍ ስሚዝን ነቢይ ይሉታል። ሦስቱም በነሐሴ 1831 እሱ ለቤተ መቅደስ የለየውን ያንን መሬት የተቀደሰ ነው ይላሉ። (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ሆኖም ሦስት የተለያዩ ቤተ ክርስቲያናት ናቸው።

እናቲቱ የባለ ጥምዝምዙ ቤተ መቅደስ ሰው ናቸው። አንድ ቀን ወደ ቤት ስመልሳቸው «ለምንድን ነው የተለያያችሁት?» ብዬ ጠየቅኋቸው። የሃይማኖት ትምህርት ልዩነት ሊያስረዱኝ ነው ብዬ ጠብቄ ነበር። በመስኮቱ ወደ ውጭ እያዩ «አባትየው ሞተ፤ ልጁ 11 ዓመቱ ነበር» አሉኝ። ከዚያ በላይ ምንም አልጨመሩም። የቀረውን እኔው እያነበብሁ ደረስሁበት።

## ሞግዚቱ

ሰኔ 27 ቀን 1844 ኢሊኖይ ውስጥ፣ ካርቴጅ በምትባል ከተማ እስር ቤት፣ ፊታቸውን ያጠቆሩ ታጣቂዎች ጆሴፍ ስሚዝን ገደሉት። ዕድሜው 38 ነበር። አብሮት ታላቅ ወንድሙ ሃይረም ወደቀ። ነገሩን ያወሳሰበው የሃይረም ሞት ነው፤ እሱ ቢተርፍ ቦታው የእሱ እንደነበር የአሥራ ሁለቱ ሐዋርያት አለቃ ብሪገም ያንግ ራሱ በኋላ ተናግሯል። በወሩ ሳሙኤል የተባለው ወንድማቸውም ታሞ ሞተ። የስሚዝ ቤት በአንድ ክረምት ተራቆተ።

ሟቹ ስለ ወራሹ ምንም ሳይናገር ቢሞት ኖሮ ይሻል ነበር ብዬ አስባለሁ። እሱ ግን በተለያየ ጊዜ ለተለያየ ሰው ብዙ ተስፋ ትቶ ሄዷል። ሲድኒ ሪግደን በሕይወት የቀረ አማካሪው ነበር። አሥራ ሁለቱ ሐዋርያት ቁልፉን በእጁ አስረክቦናል አሉ። ታላቅ ልጁን ጆሴፍን እጁን ጭኖ እንደባረከው የሚመሰክሩ ነበሩ። ዊስኮንሲን ውስጥ ደግሞ ጄምስ ስትራንግ የተባለ አዲስ አማኝ «በደብዳቤ ሾሞኛል» ብሎ ተነሣ፤ ተከታይም አገኘ፤ በ1850 ዘውድ ጭኖ ንጉሥ ተባለ። በ1856 በጥይት ተመትቶ አልጋ ላይ ሲያጣጥር ተተኪ እንዲሰይም ጠየቁት፤ ሳይሰይም ሞተ።

ነሐሴ 8 ቀን 1844 ናቩ በምትባለው ከተማቸው ሕዝቡ ተሰበሰበ። ነፋሱ ከመድረኩ በኩል አላናግር ስላለ ሪግደን ጋሪ ላይ ወጥቶ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ተናገረ። ነቢይ ልሁን አላለም፤ ሞግዚት ልሁን ነው ያለው፤ ቤተ ክርስቲያኒቱን ለሟቹ ልጠብቅለት አለ። ከሰዓት በኋላ ብሪገም ያንግ አሥራ ሁለቱ ይምሩ ብሎ ጠየቀ። እጁን ያነሣው ሕዝብ እጅግ በዛ። ያንግ ሲናገር የጆሴፍን ድምፅ ሰምተናል፣ መልኩንም አይተናል ብለው ብዙዎች በኋላ መሰከሩ። ሪግደን በወሩ ተወገዘ።

በእኛ አገር ለዚህ ዓይነት ጭቅጭቅ የሚሆኑ ሁለት ቃላት ነበሩ፤ ርስትና ጉልት። ርስት በደም ይወርዳል፤ አያት ያቀናውን የልጅ ልጅ ይካፈለዋል እንጂ ማንም አይሾምበትም። ጉልት ግን የሹመት ነው፤ የሰጠ ንጉሥ መልሶ ሊወስደው ይችላል። ናቩ ላይ አፍ አውጥቶ የጠየቀ አልነበረም እንጂ፣ ጥያቄው ሟቹ የተወው ርስት ነው ወይስ ጉልት የሚል ይመስለኛል። የአባቴ ማኅበርም ሁለቱን ይዟል። የማኅበሩ ሙሴ በምርጫ ነው፤ ጽዋው ግን ለልጅ ይወርዳል።

ያንግም ቢሆን የልጆቹን ነገር አልዘጋውም። ተከታዮቹን ወደ ምዕራብ መርቶ ዩታ ከገባ በኋላ እንኳ የጆሴፍ ልጆች የእግዚአብሔርን ኃይል ይዘው ቢመጡ እንቀበላቸዋለን ይል ነበር። ያም ያው «እጠብቅልሃለሁ» ነው። ሪግደን ለሟቹ እጠብቃለሁ አለ፤ ያንግ ለልጆቹ በሩን ገርበብ አድርጎ ተወው። ይህ ሁሉ ሲሆን ልጁ ናቩ ውስጥ ከነፍሰ ጡር እናቱ ጋር ነበር። የመጨረሻው ወንድሙ ዴቪድ የተወለደው አባታቸው ከሞተ ከአምስት ወር ገደማ በኋላ፣ ኅዳር 17 ነው። ያንን የ11 ዓመት ልጅ ማንም ምን ትፈልጋለህ ብሎ የጠየቀው አልነበረም።

## አምቦይ

እናቱ ኤማ ከያንግ ጋር ወደ ምዕራብ አልሄደችም። ናቩ ቀረች፤ በ1847 መጨረሻም ሌላ ባል አገባች። ልጁ በጭር ከተማ ውስጥ አደገ። እርሻ ሞከረ፤ ሕግ አጠና፤ የሰፈር ዳኛ ሆነ፤ በ1856 ሚስት አገባ።

በዚያው ጊዜ ኢሊኖይና ዊስኮንሲን ውስጥ የተበተኑ አማኞች ከ1850ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ እንደገና ይሰበሰቡ ነበር። እኔን ከሁሉ በላይ የነካኝ የእነዚህ ሰዎች ነገር ነው። ቤተ ክርስቲያን አቋቋሙ፤ ሐዋርያት ሾሙ፤ የፕሬዚዳንቱን ወንበር ግን ባዶውን ተዉት። ከጆሴፍ ዘር አንዱ መጥቶ ይቀመጥበታል አሉ። ዓመት አልፎ ዓመት ሲተካ፣ ስብሰባ ሲደረግና ሲበተን፣ ወንበሩ ባዶ ነበር። በ1856 ሁለት መልእክተኞች ወደ ልጁ ላኩ። ልጁ፣ አሁን የ24 ዓመት ጎልማሳ፣ አልቀበልም ብሎ መለሳቸው።

ይህን ሳነብ መኪናዬ ውስጥ ነበርሁ። ሁለቱ ሰዎች በዚያ ብርድ ደብዳቤያቸውን ይዘው ሲመለሱ ታዩኝ። ያሳዘኑኝ ግን እነሱ አይደሉም፤ ከበሩ በውስጥ የቀረው ሰው ነው። ባዶ ወንበር ስምህ ተጽፎበት አንድ ቦታ እንደተቀመጠልህ እያወቅህ ማረሻ መጨበጥ ምን ይመስላል? እምቢ ብትልም ወንበሩ አይነሣም። ሌላ ሰው ቢቀመጥበት ትገላገል ነበር፤ የሚጠብቁህ ሰዎች ግን ደጎች ናቸው፤ አያነሡትም።

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ግን መጣ። ቤተ ክርስቲያኒቱ የተመሠረተችበት 30ኛ ዓመት መሆኑ ነው። ኢሊኖይ ውስጥ አምቦይ በምትባል ትንሽ ከተማ በተደረገ ጉባኤ፣ 27 ዓመቱ ነበር፣ እናቱን ይዞ ገባ። ቆሞም ተናገረ። በራሴ ፈቃድ አልመጣሁም፣ ሰውም ገፍቶ አላመጣኝም፣ የመንፈስ ግፊት ነው ያመጣኝ የሚል ነበር የንግግሩ ፍሬ ነገር። በዚያው ንግግር ብዙ ሚስት ማግባትን በብርቱ ኮነነ። ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ነው ደጋግሜ ያነበብሁት፦ ጉባኤው ድምፅ ሰጠ። ለስምንት ዓመት ያህል «የእሱ ነው» ብለው ወንበር የጠበቁለት ሰዎች፣ ሲመጣ «ተቀመጥ» አላሉትም፤ «እንቀበለው ወይ?» ብለው ተጠያየቁ። ከተቀበሉት በኋላ እጅ ከጫኑበት አንዱ ዊልያም ማርክስ ነው፤ አባቱ በሕይወት ሳለ ናቩ ላይ የአጥቢያው ኃላፊ የነበረ፣ በ1844ም እናቱ ይምራ ብላ የደገፈችው ሰው።

«ዘር ከልጓም ይስባል» ይባላል። አምቦይን ሳስብ ተረቱ ግማሹን ብቻ የተናገረ ይመስለኛል። ዘሩ ስቦት መጥቷል፤ እውነት ነው። ሆኖም ዘሩ ብቻውን አላስቀመጠውም። የእኔን ጽዋ ከዚህ ጋር አስተያየሁት። ለእኔ ድምፅ አልተሰጠም። ይችላል ወይ፣ ይኖራል ወይ፣ ይመጣል ወይ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። እኔም «ከቤተሰቡ ይህን የሠራ ሌላ ሰው አለ» አላልኩም። አፌ ላይ ነበረ፤ አልወጣም።

## የአባት ዕዳ

ልጁ፣ ጆሴፍ ሣልሳዊ የሚባለው፣ 54 ዓመት መራ። በጥንቃቄውና በሰላማዊነቱ የታወቀ መሪ ነበር። እኔን የሚያሳዝነኝ አብሮት የወረሰው ሌላ ነገር ነው። ዩታ ያሉት ብዙ ሚስት ማግባትን ከአባትህ ነው የተማርነው ይሉ ነበር፤ በ1852 በይፋ አውጀውታል። ልጁ አባቴ አላደረገውም አለ። ይህን ለማረጋገጥ ዕድሜውን ሙሉ ደከመ።

በየካቲት 1879 ናቩ ወደ እናቱ ሄዶ፣ ጥያቄዎች አዘጋጅቶ፣ መልሷን ጻፈ። እሱ 46 ዓመቱ ነው፤ እሷ ልትሞት ሁለት ወር ከምናምን ቀርቷታል። አባቴ ከአንቺ ሌላ ሚስት ነበረው ወይ ብሎ ጠየቃት። አልነበረውም አለችው። ጻፈው። ይህች አንዲት ጠረጴዛ፣ አንዲት ብዕር፣ አንዲት አሮጊትና አንድ ጎልማሳ ልጅ ከዓይኔ አይጠፉም። እናት እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚጠየቅ ልጅ ሲኖራት ምን ትላለች? ልጅስ ሌላ መልስ ቢሰማ በማግሥቱ የትኛው ወንበር ላይ ይቀመጣል? ተራ ሰው የአባቱን ጥፋት ሰምቶ አልቅሶ ሊቀበለው ይችላል። ወንበሩ የአባቱ የሆነ ሰው ግን ይህ ዕረፍት የለውም።

በ1890ዎቹ መጀመሪያ ያቺ እኔ የምቆምበት ሣር ሜዳ ፍርድ ቤት ቀረበች። ዛሬ ባለ ጥምዝምዙ ቤተ መቅደስ ያለው የልጁ ቤተ ክርስቲያን መሬቱ የእኛ ነው ብሎ በነጯ ቤተ ጸሎት ሰዎች ላይ ክስ መሠረተ። በዚያ ክስ ዩታ ውስጥ ያሉ አሮጊቶች በመሐላ ቃላቸውን ሰጡ፤ የጆሴፍ ስሚዝ ሚስቶች ነበርን አሉ። መሬቱ በይግባኝ ለነጯ ቤተ ጸሎት ጸና። ቃሉ ደግሞ መዝገብ ውስጥ ቀረ። ዋናዋ የሞርሞን ቤተ ክርስቲያን ጆሴፍ ስሚዝ ብዙ ሚስቶች እንደነበሩት በ2014 በይፋ ባወጣችው ጽሑፍ አስፍራለች። የአባት ዕዳ ለልጅ የምንለው ብዙ ጊዜ ገንዘብ ነው። ይህኛው ግን በገንዘብ የሚከፈል አልነበረም።

አንድ ነገር ግን ከአባቱ ስህተት ተምሯል። አባቱ በአፍ ብዙ ተናግሮ ሞተ፤ እሱ ከሞቱ በፊት፣ በ1912፣ ስለ መተካካቱ በጽሑፍ መመሪያ አወጣ። በ1914 መጨረሻ ሲሞት ልጁ ፍሬድሪክ ያለ ግርግር ተተካ። ከፍሬድሪክ ቀጥሎ ወንድሙ እዝራኤል፣ ከእዝራኤል ቀጥሎ ወንድሙ ዋላስ መሩ። አንድ አባትና ሦስት ልጆቹ ከ1860 እስከ 1978 ድረስ 118 ዓመት።

## ሹመት በተርታ

ዩታ ላይ የሆነው ደግሞ ሌላ ነው። እዚያ «ሹመት በተርታ፣ ሥጋ በገበታ» የሚለው ተረት ሕግ ሆነ ማለት ይቻላል። ፕሬዚዳንቱ ሲሞት ከአሥራ ሁለቱ ሐዋርያት ጉባኤ ቀድሞ የገባው ይተካል። ምርጫ የለም፤ ቅስቀሳ የለም፤ ጥያቄው ማን ቀድሞ ገባ ብቻ ነው። በመስከረም 2025 ራስል ኔልሰን በ101 ዓመታቸው ሲያርፉ የ93 ዓመቱ ዳሊን ኦክስ ተተኩ። ማን እንደሚተካ አስቀድሞ የማያውቅ አልነበረም።

ይህ ሥርዓት በአንድ ቀን የመጣ አይደለም፤ ደምም ዝም ብሎ አልለቀቀም። በምርጫ የወጣው ብሪገም ያንግ ራሱ ሦስት ልጆቹን ሐዋርያት አድርጎ ሾሟል። አንዱ፣ ጆን ዊላርድ፣ በ1855 ሲሾም ዕድሜው 11 ነበር። ጆሴፍ ሣልሳዊ አባቱ ሲሞት በነበረበት ዕድሜ ማለት ነው። ያንግ ይህን ሲያደርግ ያኛውን ልጅ አስታውሶ ይሆን እያልሁ አስባለሁ። የተርታው ሕግ የጠራው ሚያዝያ 1900 ላይ ነው፤ ቀድሞ የተቀባው ሳይሆን ቀድሞ ጉባኤው ውስጥ የገባው ይቀድማል ተባለ። በዚህ ውሳኔ የብሪገም ያንግ ስመኛ ልጅ ወደ ኋላ ተንሸራተተ። ከፊቱ የቆመውና በ1901 ወንበሩን የያዘው ማን ነው? ጆሴፍ ኤፍ. ስሚዝ፣ ካርቴጅ ላይ የተገደለው የሃይረም ልጅ። አባቱ ሲሞት አምስት ዓመቱ ነበር። ስለዚህ ከ1901 እስከ 1914 ድረስ በሁለቱ ተፎካካሪ ቤተ ክርስቲያናት ራስ ላይ የተቀመጡት የሁለቱ የካርቴጅ ሟቾች ልጆች፣ የሥጋ ዘመዳሞች ነበሩ። አንዱን ደም አመጣው፤ ሌላውን ተራ።

ዩታ ውስጥም አንድ የርስት ወንበር ቀርቶ ነበር። «ፓትርያርክ» ይሉታል፤ እኛ በምናውቀው ፍቺ አይደለም፤ ለአማኞች የአባትነት ቡራኬ የሚሰጥ ሹመት ነው። ከጆሴፍ ስሚዝ አባት ጀምሮ በስሚዝ ዘር ወረደ። በ1932 ፓትርያርኩ ሲሞት ልጁ ኤልድሬድ 25 ዓመቱ ነበር። ወንበሩ አሥር ዓመት ባዶውን ተቀመጠ፤ ከዚያ ለሌላ የቤተሰቡ ሐረግ ተሰጠ፤ ለኤልድሬድ የደረሰው በ1947 ነው። አሥራ አምስት ዓመት ጠብቆ ማለት ነው። በ1979 በክብር ጡረታ ወጣ ተባለ፤ ሹመቱም አብሮት ቀረ። ኤልድሬድ ስሚዝ በ2013 በ106 ዓመቱ ነው የሞተው። ሹመቱ ከታጠፈ በኋላ 33 ዓመት ኖሯል። የሃይረም የካርቴጅ ልብሶች፣ ጥይት የበሳቸው፣ ደም የነካቸው፣ በእሱ እጅ ነበሩ፤ ሰው ሲሰበሰብ አውጥቶ ያሳይ ነበር። ወንበሩ ከተወሰደ በኋላ የቀረለት ርስት ይህ ነው።

## እጃቸውን ያነሡ ዕለት

የማመላልሳቸው እናት የሚናገሩት ስለ 1996 ነው። የጆሴፍ ሣልሳዊ የልጅ ልጅ ዋላስ ቢ. ስሚዝ፣ በ1978 አባታቸውን ዋላስን የተኩት፣ የዓይን ሐኪም የነበሩ፣ ሦስት ሴቶች ልጆች ነበሯቸው፤ ወንድ አልነበራቸውም። ሴቶች ክህነት እንዲቀበሉ በ1984 የፈቀዱትም እሳቸው ናቸው፤ በዚያ ምክንያት ብዙ ሰው ቤተ ክርስቲያኒቱን ለቆ ወጥቷል። የእናቲቱ ባል ከወጡት አንዱ ነበር። እሳቸው ብቻቸውን ይሄዱ ጀመር። ከ12 ዓመት በኋላ ዋላስ ቢ. ስሚዝ ጡረታ ሲወጡ ከቤተሰቡ ውጭ የሆነ ሰው፣ ግራንት ማክመሪን፣ ተተኪ አድርገው አቀረቡ። እናቲቱ በጉባኤው ድምፅ ከሚሰጡት መካከል ነበሩ።

«ቤት ስገባ ባሌ ‹ምን አደረግሽ?› አለኝ። ‹እጄን አነሣሁ› አልኩት። ሳምንት ሙሉ አላናገረኝም» አሉኝ።

«እርስዎስ ምን ተሰማዎት?»

ቀኝ እጃቸውን ከጭናቸው ላይ ትንሽ ብድግ አድርገው አሳዩኝ፤ የእጥበቱ ፋሻ ያለበት እጅ ነው። «እዚህ ድረስ ቀላል ነበረ» አሉ፤ ከዚያ ወደ ላይ ከፍ አደረጉት። «ከዚህ እስከዚህ ግን አያቶቼን ሁሉ ተሸክሜ ነው ያነሣሁት።»

ቤተ ክርስቲያኒቱ በ2001 ስሟን ኮሚዩኒቲ ኦፍ ክራይስት አለች፤ በአማርኛ ቢመለስ የክርስቶስ ማኅበር እንደ ማለት ነው። በ2024 አባትየው ያሠራውን የከርትላንድ ቤተ መቅደስና ልጁ ያደገበትን የናቩ ቤት ጨምሮ ቅርሶቿን ለዩታዋ ቤተ ክርስቲያን በ192.5 ሚሊዮን ዶላር ሸጠች። በርስት የወረደው ቤት በተርታ ለሚሾሙት ተላለፈ። እናቲቱ ይህን ሲነግሩኝ ድምፃቸው ተሰበረ፤ ለመሪው ሹመት ያላለቀሱት ለቤቱ አለቀሱ። በ2025 ስታሲ ክራም የተባሉ ሴት የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ሆኑ። ያን ዕለት መኪናው ውስጥ «አየህ?» ብቻ አሉኝ።

በዚያው ሳምንት ደብረ ብርሃን ደወልሁ፤ ለእህቴ አይደለም፣ ጽዋውን ለሰጡኝ አዛውንት። «አባባ፣ ጽዋው የእሷ ነው፤ እኔ አልኖርበትም» አልኳቸው። ብዙ ዝም አሉ። «ታላቅ እያለ፣ ወንድ ልጁ እያለ፣ እንዲህ አድርገን አናውቅም» አሉ። ቀጥለውም «ይሁን እስቲ፤ ከማኅበርተኞቹ ጋር ልምከርበት። እንደ እሷ ዳቦ የሚደፋማ የለም» አሉኝ። ስልኩን ስዘጋ ደስ ብሎኝ ነበር። ለእህቴ ደውዬ ያደረግሁትን ነገርኋት።

ዕቃ እያጠበች ነበር፤ ውኃው ይሰማል። ውኃውን ዘጋችው።

«ጋሼ፣ ለአባባ ነገርካቸው። እኔንስ ጠይቀኸኛል?»

አልጠየቅኋትም ነበር። ስለዚያ የ11 ዓመት ልጅ ማንም አልጠየቀውም እያልሁ ስንት ወር አዝኛለሁ፤ እሷን ግን አልጠየቅኋትም።

«ትፈልጊዋለሽ?» አልኋት።

«እስቲ ላስብበት» አለችኝ። «እስከ ኅዳር ሚካኤል ጊዜ አለ።»